ካልመጣስ?

የሳይንስ መጽሐፉ ያቺ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ መምህራን በሙሉ ሥራ ይበዛባቸዋል። አንዱን ጉሮሮውን ያመዋል፣ ሌላው የሚያርመው ፈተና ይከመርበታል፣ ጡረታ የደረሱት የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ደግሞ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ፣ እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ጡትና ስለ ብብት ፀጉር ቆሜ አላወራም ብለው ጠመኔውን ያስቀምጣሉ። ዞሮ ዞሮ ምዕራፏ የምትወድቀው አንዲት መምህርት እጅ ላይ ነው። ይህቺ ሴት አርባን ተሻግራለች። ባል አግብታ ነበር፣ ጥሏት ሄዷል። ልጅ የላትም። ባልደረቦቿ እሷን መምረጥ የቀለላቸው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ይሆናል፤ የሚያፍርባት ልጅ የላት፣ የሚቆጣት ባል የላት።

እሷም እምቢ ብላ አታውቅም። እንዲያውም ምዕራፏን ትወዳታለች። ርዕሰ መምህሩ ባዘዙት መሠረት ሴቶቹ ሲማሩ ወንዶቹ ኳስ ሜዳ ይወጣሉ፣ በማግስቱ ይገላበጣል። መጀመሪያ ሁሉም አፉን በደብተር ሸፍኖ ይንፈቀፈቃል። እሷ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ሳቁ ራሱን ሲጨርስ ቀስ ብላ ትጀምራለች። ድምፃችሁ አንድ ቀን እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል አልታመማችሁም ትላቸዋለች ወንዶቹን። ደም ስታዩ ልትሞቱ አይደለም ትላቸዋለች ሴቶቹን። አንዴ አንዷ ደፋር ተነስታ፣ ለእኛ ደም ከመጣ ለወንዶቹ ምን ይመጣላቸዋል ብላ ጠየቀች። «ጢምና ጉራ» አለቻት መምህሯ። ክፍሉ ተደረመሰ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች የምትከብዳት። መጽሐፉ የወር አበባ «አንዳንዶች ላይ ቢዘገይም ለሁሉም ሴት ልጅ ይመጣል» ይላል። እዚህች ላይ ስትደርስ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሳ፣ መንገድ ላይ የማይወደውን ሰው እንዳየ ሰው ፈጠን ብላ ታልፋለች።

በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ከተቀመጡት ሴቶች መካከል የገዛ ወንድሟ ልጅ ነበረች። ልጅቷ በአንድ ክረምት ተመዝዛ አባቷን ትከሻው ላይ ስለደረሰች ሰፈሩ ሁሉ ሎጋ ይላታል፤ የወጣላት ስም ተረስቶ መምህራኑ ሳይቀሩ ስም ሲጠሩ ሎጋ ብለው ይሳሳታሉ። አክስቷን ግቢ ውስጥ እንደማንኛውም ተማሪ «ቲቸር» እንድትላት ተስማምተዋል። የዚያን ቀን ደወል ተደውሎ ሌሎቹ እየተጋፉ ሲወጡ እሷ ሰሌዳ የምታጠፋ መስላ ቀረች። የጠፋውን ቦታ መልሳ መላልሳ ጠረገችው።

«አክስቴ፣ ካልመጣስ?» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«ምኑ?»

«ያልሽው ነዋ። ለሁሉም መጥቶላቸዋል። ለእኔ ሕመሙ ብቻ ነው የሚመጣው። በወር በወሩ ወገቤን ቆርጦ ይይዘኛል፣ ሦስት አራት ቀን ያጥፈኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል። ሌላ ምንም የለም።»

መምህሯ የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ዓመት ሊሞላው ነው አለች። እየባሰ ነው ወይ አለቻት፤ አዎ፣ አሁን አሁንማ ሽንት ራሱ ያስቸግረኛል አለች። ለእናትሽ ነግረሻታል አለቻት።

«ነግሬያታለሁ። የሴት ልጅ ሆድ ነው፣ ትለምጂዋለሽ አለችኝ።»

መምህሯ ይህንን ቃል ታውቀዋለች። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የገዛ እናቷ፣ ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ፣ ይህንኑ ብላታለች። እሷም ለመደችው። በየወሩ እየታጠፈች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ትራስ እያቀፈች ለመደችው። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ አባቷ እርጉዝ ናት ብሎ ጠርጥሮ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቃት፣ ከእሷ ጋር ማዕድ መቅረብ ተወ። አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ቧንቧው ስር ወደቀች። ሐኪም ቤት ሲያዩዋት የደሙ መውጫ ተደፍኖ የተፈጠረች ሆና ተገኘች። አንዳንድ ሴት ልጅ እንዲህ ሆና ትወለዳለች፤ በጊዜው ያወቀ ሐኪም በትንሽ ቀዶ ጥገና ይከፍተዋል፣ በዚያው ያልቃል። በእሷ ላይ ግን የታጎረው ደም ውስጥ ውስጡን መግሎ ነበር። ሕይወቷን አተረፉላት፣ ልጅ የመውለዷ ነገር ግን አከተመ። እናቷ ለጎረቤት ትርፍ አንጀት ነው አለች። ያን ጊዜ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ለነበረው ለወንድሟም ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። ለባሏም በኋላ ጠባሳዋን ሲያይ እንዲያ ተባለ። እናቷ ይህንን ምሥጢር ከእሷ ጋር ቆልፋ ኖረች፣ ይዛው ሞተች።

እንግዲህ የዚያን ዕለት መምህሯ የወንድሟን ልጅ ትከሻ ይዛ፣ አይዞሽ፣ ይሄ የሚታከም ነገር ነው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ አለቻት። ልጅቷም አመነቻት። ቦርሳዋን አንስታ እየሮጠች ጓደኞቿን ተከተለች።

ወንድሟ ጎሚስታ ነው። ቤቱ መንገድ ዳር ሲሆን በአንደኛው በር በኩል እሱ ጎማ ይጠግናል፣ በሌላው በር ሚስቱ ፀጉር ትሠራለች። አንደኛው ቤት ላስቲክ ላስቲክ፣ ሁለተኛው ቅባትና የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። መምህሯ እሁድ ከሰዓት ሄዳ የመጨረሻዋ ደንበኛ እስክትነሳ ጠበቀች። ከዚያ ፀጉር ሠሪዋ ወለሉን ስትጠርግ ነገሩን ጀመረችላት። የሴት ነገር ስለሆነ ከወንድሟ በፊት ለእናትየው መንገር ይሻላል ብላ ነበር።

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ለፍታ አዳሪ፣ ቀልደኛ፣ ከሰው የማትጣላ፣ ልጇን ከዓይኗ ብሌን የምትሳሳላት ሴት ናት። ቀዶ ጥገናው የት ላይ እንደሆነ ሲገባት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ሐኪም እዚያ ቦታ ላይ ምላጭ ካሳረፈባት በኋላ ነገ ባሏ ምን ይላታል?»

«አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የምን ባል?»

«አሥራ አራት ሆና አትቀርማ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ቀጥላም ሳቅ እያለች፣ ሰው ልጄ ተከፈተች ብሎ ያለቅሳል፣ እኔ ልጄ ተዘጋች ብዬ ላልቅስ እንዴ አለች። ደግሞም እሷ ራሷ ዘግይታ እንደነበር፣ እህቷም እንደዘገየች፣ ይሄ በዘር ያለ ነገር እንደሆነ ተናገረች። መምህሯ መጽሐፍ ጠቀሰች፣ ሐኪም ጠቀሰች፣ ሥዕል ሁሉ በጣቷ መስታወቱ ጉም ላይ ሣለችላት። ሴትዮዋ ራሷን ከመነቅነቅ አልፋ አንድ እርምጃ አልሄደችም። በመጨረሻ መምህሯ ሌላ የምትከፍለው ስታጣ ያላትን ከፈለች። የራሷን ነገረቻት። ከቧንቧው ስር ጀምራ ባሏ ልብሱን ሸክፎ እስከወጣበት ቀን ድረስ፣ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ሁሉ፣ የፀጉር ማድረቂያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዘረገፈችው።

ፀጉር ሠሪዋ አለቀሰች። አቅፋ ሳመቻት፣ ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ እንዴት ኖርሽ አለቻት፣ ሰኞ ጠዋት ልጄን ይዤ እሄዳለሁ ብላ ማለች። መምህሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰውነቷ ቀሎ መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አላወቀችም። ትልቅ ሰው ሆና እንዲህ ቀሏት አያውቅም።

ሰኞ ፀጉር ሠሪዋ ለሙሽራ አጃቢዎች ስትሠራ ዋለች። ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ማድረቂያው አልሠራ ብሎ ሥራው ወደ ረቡዕ ተዛወረ። በሚቀጥለው ሳምንት ወር መግቢያ ነው፣ ሰው ይበዛል ተባለ። ልጅቷን ሐኪም ቤት የሚወስዳት ቀን ከሳምንቱ ውስጥ ጠፋ። የመምህሯ ታሪክ ግን ጊዜ አላጣም። ፀጉር ቤት ማለት አንዱ ራስ ከአንዱ ራስ የሚጠጋበት ቦታ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ አንዷን የምታምናትን ደንበኛዋን ምክር ልጠይቅ ብላ አዋየቻት፣ ደንበኛዋም ለምታምናት አዋየች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው። ወሬው ትምህርት ቤት ሲደርስ መልኩን ቀይሮ ነበር። መካን ናት የሚለው ያው እውነት ነው። ተፈጥሮዋ የሴት አይደለም የሚል ተጨመረበት። የራሷን ዕጣ ለወንድሟ ልጅ ተመኝታ በምላጭ ልታስነካት ነው የሚል ደግሞ ከላይ ተደረበበት።

መምህሯ ነገሩን ያወቀችው እሷ ስትገባ የመምህራን ማረፊያ ጸጥ ሲል ነው። ሁለት ቀን ስለ ሌላ ሰው ነው ብላ ራሷን አታለለች። በሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ አስጠሯት። እስክሪብቶአቸውን ከፍተው ዘጉት፣ ዘግተው ከፈቱት።

«ወላጆች መጥተው ነበር» አሏት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነው የሚሉት። እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

ከዚያ የቀረውን በተለሳለሰ አንደበት ነገሯት። ምዕራፏን ከእንግዲህ የስፖርት አስተማሪው ይጨርሳታል። እሷ ደግሞ ለጊዜው የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ትይዛለች። ቅጣት አይደለም፣ ለራስሽ ሰላም ነው አሉ። እሷም ሰላሟን ተቀብላ ወጣች። ልትከራከር ትችል ነበር፤ ሃያ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት፣ አፍ አላት። ግን ያን ቀን ጉልበቷን በሙሉ የወሰደባት አንድ ነገር ነበር፣ ይኸውም ርዕሰ መምህሩ እያወሩ ሳለ ዓይናቸው ሳያስቡት ወደ ሆዷ መውረዱ። የስፖርት አስተማሪው ምዕራፏን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨረሳት። ቤታችሁ አንብቡት ብሎ ሁሉንም ኳስ ሜዳ አወጣቸው።

በዚህ መሐል የልጅቷ ሆድ መግፋት ጀመረ። የደንብ ልብሷ ቀሚስ አልዘጋ ሲል በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። እናቷ አንድ ቀን ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ ገብታ አየቻት፤ ከድንጋጤዋ የመምህሯን ነገር ሁሉ ረስታ፣ አርግዛለች ብላ ለባሏ ነገረችው።

በማግስቱ ጎሚስታው በሥራ ልብሱ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። መምህሯ ከሩቅ ስታየው ደስ አላት። አወቀ ማለት ነው፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ሊለኝ ነው ብላ እየፈጠነች ወደ እሱ መጣች።

«እታለም፣ ምንድን ነው ያስተማርሻት?» አላት።

አልገባትም። ደገመላት። ሆዷ ገፍቷል አለ። ማን እንደሆነ ንገሪኝ ብዬ ቀበቶ አወጣሁባት፣ ማንም የለም ትላለች አለ። ይሄ ሁሉ የመጣው ሕፃናት ሰብስባችሁ ስለዚያ ነገር ማውራት ከጀመራችሁ ወዲህ ነው፣ ያላወቁትን አስተማራችኋቸው አለ። የሰው ልጅ ቢሆን አልፈርድም፣ የገዛ ወንድምሽ ልጅ ናት አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ሰው ያልፍ ነበር።

መምህሯ ክንዱን ይዛ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። ሁሉንም ነገረችው። ልጅቷ እርጉዝ እንዳልሆነች፣ በወር በወሩ የሚታጎረው ደም እንደሆነ፣ እሷም በዚያ ዕድሜዋ እንዲሁ ሆና እንደነበር። ወንድሟ መሬት መሬት እያየ ሰማት።

«አንቺ የታከምሽው ትርፍ አንጀት ነው» አለ። «እማዬ ራሷ ናት የነገረችኝ። ከመቃብር ተነስታ አትመልስልሽም ብለሽ ውሸታም አታድርጊያት።»

ጥሏት ሄደ። እሷም ከዚያው ፋርማሲ ገብታ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛች። ባለ ፋርማሲው ጎልማሳ መመርመሪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ወስዳ ለፀጉር ሠሪዋ በበሩ ቀዳዳ ሰጠቻት። ወደ ቤት አላስገቧትም። መንገድ ዳር፣ ከተከመሩት ጎማዎች አጠገብ ቆማ ጠበቀች።

ልጅቷ እርጉዝ አልነበረችም። ፀጉር ሠሪዋ ወጥታ መምህሯ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ተመስገን እያለች መሬት ሳመች። ጎሚስታውም የዚያኑ ዕለት ሥራውን ዘግቶ ለልጁ አዲስ ጫማ ገዛላት፤ የቀበቶው ሰንበር ያለበትን እግሯን አጎንብሶ በገዛ እጁ አጫማት። አለቀሰም ይባላል። ለእህቱም ደወለላት። አጥፍቻለሁ እታለም፣ ልጄ ንጹሕ ናት አላት። መምህሯ ይሄ መልካም አጋጣሚ ነው ብላ፣ እንግዲያው አሁን ሐኪም ቤት እንውሰዳት አለችው።

ግን ነገሩ ለእነሱ አልቆ ነበር። የፈሩት እርግዝና ነበረ፣ እርግዝና አይደለም፣ አበቃ። ሆዱ ታዲያ ምን ይሁን ስትላቸው ወስፋት ነው ተባለ። እናትየው የወስፋት ኪኒን ገዝታ ሰጠቻት። ወንድሟም፣ እሺ፣ ይሁን፣ እንወስዳታለን፣ ግን ሚኒስትሪ ፈተናዋ ይለቅ አለ። ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት ነው፣ አሁን ደግሞ ሐኪም ቤት ወስደን ሰው አፍ ውስጥ አንክተታት፣ ትንሽ ትተንፍስ አለ። መምህሯ ልትቃወም አፏን ከፈተች። ወዲያው ደግሞ ይህ ወንድም ከስንት ጊዜ በኋላ በደጉ ድምፁ እንዳናገራት ተሰማት። ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። ፈተናው ሩቅ አይደለም ብላ አሰበች። እሺ አለችው።

ፈተናው ሩቅ አልነበረም፤ ልጅቷም ደረሰችበት። በሁለተኛው ቀን፣ ሁለተኛው ወረቀት ላይ፣ ከወንበሯ ወደ ጎን ተንሸራታ ወደቀች። ፈታኙ ልትኮርጅ ያጎነበሰች መስሎት መጀመሪያ ተቆጣት። መምህሯ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ጋር እየደመረች ሳለ ግቢው ሲታመስ ሰማች። ስትደርስ ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ገላዋ እንደ ምድጃ ያቃጥላል። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሄደች። ልጅቷ በመንገዱ ሁሉ የምትጠይቀው የፈተናዋን ነገር ብቻ ነበር፣ የቀሩኝን ጥያቄዎች ያሠሩኝ ይሆን እያለች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ነገሩን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። ወላጆቹ ሲደርሱ ኮሪደሩ ላይ አስቁማ በቶሎ ቀዶ ጥገና ካልገባች እንደምትሞት አስረዳቻቸው፣ የሚፈረመውን አቀረበችላቸው። ጎሚስታው በጠቆረ ጣቱ ፈረመ። ፀጉር ሠሪዋ ሐኪሟን እጅጌዋን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። መምህሯ አጠገባቸው ስለነበረች ሰማች።

«ከዚያ በኋላ ድንግል ናት ብላችሁ ትጽፉልናላችሁ?»

ሐኪሟ እጅጌዋን ከሴትዮዋ እጅ አስለቀቀች። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ገባች። እናትየዋ እዚያው ቆማ ቀረች፤ የጠየቀችው ጥያቄ ለራሷም ዘግይቶ የደረሳት ይመስል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ልጅቷ ተረፈች። ሐኪሟ ስትወጣ ሦስቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ነገረቻቸው። መግሉ የማህፀን ቱቦዎቿን ጎድቷቸዋል፤ አንደኛው ወጥቷል፣ ሁለተኛውም ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት መጥታ ቢሆን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር፣ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር አለች። ሰው አላያትም ነበር ወይ፣ ለማንም አልተናገረችም ወይ ብላ ጠየቀች። በዚህ ጊዜ የጎሚስታው ስልክ ጮኸ። የሰፈር ሰው ነበር፣ የልጅቷን መውደቅ ሰምቶ። ጎሚስታው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ፣ ቀና ብሎ እህቱን አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ «ትርፍ አንጀት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናት» አለ።

ያን ጊዜ መምህሯ ወንድሟ እንዳመናት አወቀች። ይቅርታ አልጠየቃትም። የስልኩን ፊት በሱሪው ጠርጎ ኪሱ ከተተው።

ልጅቷ በነቃች በሁለተኛው ቀን፣ እናትና አባቷ ለሥራ ሲሄዱ፣ መምህሯ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥላት ነበር። ልጅቷ ሐኪሟን ጠይቃ ሁሉንም ሰምታለች። ሐኪሟ የምትዋሽ ዓይነት ሰው አልነበረችም።

«ትምህርት ቤት የሚወራብሽ ይሄ ነው ለካ፤ አንቺም እንደኔ ነሽ» አለቻት።

«አዎ።»

«ያን ቀን ሰሌዳ ሳጠፋ ስነግርሽ ገብቶሽ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እጄን ይዘሽ አልወሰድሽኝም?»

መምህሯ ብዙ ልትል ትችል ነበር። ያለ ወላጅ ፈቃድ አይቀበሉሽም ልትላት ትችል ነበር፤ እውነት ነው። ግን ሄዳ አልጠየቀችም። እናትሽን ለመንኳት፣ አባትሽን ለመንኩት፣ ስሜን ገበያ አውጥቼ ለመንኩ ልትላት ትችል ነበር፤ ይሄም እውነት ነው። ሁሉንም በልቧ ሰልፍ አስያዘቻቸውና አንዳቸውም ከዚያ አልጋ ፊት የሚያቆም እግር አጡ።

«አባትሽን ፈርቼ ነው» አለች። «እንዳይቀየመኝ ፈርቼ።»

ልጅቷ የተላጠውን ብርቱካን ከእጇ አልተቀበለችም። ወደ ግድግዳው ዞረች። ጀርባዋ ቀጭንና ረጅም ነበር፣ የሐኪም ቤቱ ልብስ አልደርስ ብሎት።

ከሐኪም ቤት ስትወጣ ወላጆቿ ቤት ገባች፤ አልከረመችበትም። ፀጉር ቤቱን ሳታልፍ ወደ ጓዳ መግባት አይቻልም፤ ባለፈች ቁጥር ወሬ ይቋረጣል፣ እናቷም ማበጠሪያዋን በአየር ላይ ይዛ ትቆማለች። እናትና ልጅ መነጋገር አቃታቸው። እናትየው የምትሰጣት ምግብ በዛ፣ የምትገዛላት ልብስ በዛ፣ አንዴም ግን ዓይኗን ቀና አድርጋ አላየቻትም። ጎሚስታው ማታ ማታ ዘግይቶ መግባት ጀመረ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ልብሷን በአባቷ የመሣሪያ ቦርሳ አጭቃ አክስቷ በር ላይ መጣች። ልማር ነው፣ እዚህ ጸጥ ይላል አለች። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም።

መምህሯ አልጋዋን ለቀቀችላት፤ እሷ ሳሎን ፍራሽ አነጠፈች። ሁለቱ በአንድ ቤት እንደ ሁለት ተከራይ መኖር ጀመሩ። ልጅቷ ዕቃ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ስትወጣና ስትገባ ሰላምታ ትሰጣለች፣ የሚገባውን አክብሮት አንድም አታጎድልም። ያመለጣትን ፈተና በሚቀጥለው ዓመት ለመፈተን ደብተሮቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታጠናለች። የሳይንሱ ያቺ ምዕራፍ ላይ ስትደርስ መምህሯ ድስት ታነሳ ነበር፤ ልጅቷ ገጹን ሳታነብ ገልብጣ ወደሚቀጥለው ስትሄድ አየቻት።

ርዕሰ መምህሩ በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ፣ አሁንማ ነገሩ በርዷል፣ ምዕራፏን መልሰሽ ብትይዢልን አሏት። የስፖርት አስተማሪው አልሆነላቸውም ነበር። መምህሯ እሺ አለች። መጽሐፉ ላይ ያለችውን ያቺን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰረዘች፣ ከሥሯም፣ የማይመጣላቸውም አሉ፣ ሕመም ካለ ሐኪም ቤት በዚያው ሳምንት ብላ ጻፈች። ሰሌዳ ላይም እንዲሁ ጻፈችው። ሴቶቹ ልጆች ቀዱት። ያን ማታ እቤት ገብታ ለልጅቷ ነገረቻት፣ ደስ ይላታል ብላ አስባ።

ልጅቷ ደብተሯን ሳትከድን ሰማቻት። «ጥሩ ነው» አለች። «ለእነሱ ጥሩ ነው።»

ከዚያ መብራቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ጥናቷን ቀጠለች።